ከቤቱ ጋር የተገዛው ደወል

ቤት ከነውሻው ገዛችሁ እንበል። ውሻው የሚያውቀው የዱሮ ጌታውን ነው። ለእሱ ጭራውን ይቆላል፤ በእናንተ ላይ ይጮኻል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ውሻ አምናችሁ ትተኛላችሁ?

ታላቅ እኅቴ ይህን የመሰለ ነገር ገጠማት። የምትኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ ለዋሽንግተን ቅርብ ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል። እኅቴና ባሏ እዚያ አሮጌ ቤት ገዙ። ቤቱ ውሻ የለውም፤ የሌባ ደወል ግን አለው።

የሌባ ደወል እንዴት ይሠራል?

በሩ ላይ ማግኔት ይለጠፋል። መቃኑ ላይ ሽቦ ያላት ትንሽ ማብሪያ ትደረጋለች። በሩ ሲከፈት ማግኔቱ ከማብሪያዋ ይርቃል። ያን ጊዜ ደወሉ ይጮኻል። ባለቤቱ የምስጢር ቁጥር መትቶ ዝም ያሰኘዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም። አውግስተስ ፖፕ የሚባል አሜሪካዊ በ1853 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ ለሚሠራ የሌባ ደወል የፈጠራ መብት አግኝቷል።

የእኅቴ ባል የሚሠራው ሌሊት ነው። እሷ ከሁለት ልጆቿ ጋር ብቻዋን ታድራለች። የዱሮው ባለቤት የምስጢር ቁጥሩን ነገራት። «ደወል አለኝ፤ ምን እፈራለሁ?» ብላ ተኛች።

አንድ ቀን ኤሌክትሪክ የሚያውቁ ሽማግሌ ጎረቤት ሊጠይቋት መጡ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ይህ ደወል ሲጮኽ ማንን ይጠራል?» አሏት።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አለች።

ሣጥኑን ከፍተው አዩት። ደወሉ ለጥበቃ ድርጅት የሚደውለው በ3ኛው ትውልድ የሞባይል መስመር ነበር። የአሜሪካ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች ግን ያን መስመር በ2022 እ.ኤ.አ. ዘግተውታል። ደወሉ ቤት ውስጥ ይጮኻል እንጂ ማንንም አይጠራም! ቁጥሩንም የዱሮው ባለቤት ዘመድ አዝማድ ሁሉ ያውቀዋል። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው እኮ ቁልፍ እንደያዘ ነው።

እኅቴ ምን አደረገች?

1. የዱሮውን ቁጥር አጥፍታ አዲስ ቁጥር አስገባች።

2. ባትሪውን ለወጠች። መብራት ሲጠፋ ደወሉን የሚያሠራው ባትሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው።

3. ሽቦውና ማግኔቱ ደኅና ስለሆኑ አልተነኩም። መደወያው ብቻ በአዲስ ተተካ።

4. የጭስ ጠቋሚውን ጀርባ አየች። የተሠራበት ቀን ተጽፎበታል። 10 ዓመት ያለፈው ጠቋሚ መለወጥ አለበት።

5. በስሟ ተመዘገበች። በዚያ አውራጃ፣ በሞንጎመሪ፣ ባለደወል ሁሉ መመዝገብ አለበት። ደወሉ በከንቱ እየጮኸ ፖሊስ ደጋግሞ የሚያስመጣ ሰው መቀጮ ይከፍላል።

6. ለጥበቃ ድርጅቱ አስቀድማ ነግራ በሩን ከፈተች። ደወሉ ጮኸ። ወዲያው ስልክ ተደወለላት። ያን ሌሊት ተኛች።

እኛስ? በቤታችን ደወል ባይኖርም በር አለ፤ ቁልፍም አለ። ሌላ ሰው የኖረበት ቤት ስንገባ «ሌላው ቁልፍ በማን እጅ ነው?» ብለን እንጠይቅ። የሚጮኽ ነገር ሁሉ ይጠብቃል ማለት አይደለም። ፈትኖ ማየት ይሻላል።

ጥያቄዎች

1. የእኅትዬዋ ደወል ለምን ሰው አይጠራም ነበር?

2. ቁጥሩ ለምን ተለወጠ?

3. የእናንተን ቤት ቁልፍ ማን ማን ይዟል?