በየቤታችን ስለ ተከማቸው ፌስታል



ባለፈው ክረምት አንዲት በግ ሞተችብን። ይህች በግ ለመስከረም ተሸጣ ለእኔና ለታናሽ እኅቴ ደብተርና ልብስ እንድትገዛልን የታሰበች ነበረች። ነገር ግን ሣር እየበላች ከሳች፤ ሆዷ ተነፋ፤ ማመስኳት ተወች፤ በመጨረሻም ወደቀች። አባቴ ምክንያቱን ለማወቅ ሆዷን ቢከፍተው በጨጓራዋ ውስጥ እንደ ኳስ የተድበለበለ ፌስታል ተገኘ። ከመካከሉ አንዱ እናቴ ጨው ያመጣችበት ሰማያዊ ፌስታል መሆኑን ዐወቅሁት። ከደጅ የጣልሁትም እኔ ራሴ ነበርሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመረመርሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ለመግለጽ ይህን ጽፌአለሁ።

በመጀመሪያ ፌስታል ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ፌስታል የሚሠራው ፖሊኢትሊን ከሚባል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ከሚወጣ ነገር ነው። ይህም ነገር በ1933 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በምርምር ላይ ሳለ ሳይታሰብ የተገኘ ነው። ባለ ማንጠልጠያውን ፌስታል ያበጀው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ የስዊድን መሐንዲስ ሲሆን፣ የፈጠራው መብት በ1965 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተመዘገበ። ልጁ እንደ ተናገረው፣ የመሐንዲሱ አሳብ ለወረቀት ከረጢት ተብሎ ዛፍ እንዳያልቅ፣ ሰውም አንዱን ፌስታል አጣጥፎ በኪሱ ይዞ ደጋግሞ እንዲሠራበት ነበር። እንግዲህ አንድ ጊዜ ይዞ መጣል የእኛ ልማድ እንጂ የሠሪው አሳብ አልነበረም።

ለምን ይጎዳል ቢባል፣ የበግና የላም ጨጓራ ሣርን የሚያበስለው በውስጡ በሚኖሩ በዐይን በማይታዩ ረቂቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ነው። እነዚህ ግን ፌስታልን ሊያፈርሱት አይችሉም። ስለዚህ እዚያው ይቀራል፤ ሌላው ይደረብበታል፤ የመኖውን ቦታ ይይዛል። እንስሳው ሆዱ ሞልቶ ሳለ ይራባል ማለት ነው። በእርሻም ውስጥ ሲቀበር ውኃ እንዳይሰርግና ሥር እንዳይዘልቅ ያግዳል።

አያቴ ይህን ስነግራት፣ «በእኛ ጊዜ ስልቻ ነበር፤ ስልቻ ቢቀደድ ይጣፋል። ይህን የአንተን ጉድ ማን ይጥፈዋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘማች ወደ ወረኢሉ እንዲከት በታወጀ ጊዜ፣ ስንቅ የሚጫነው በስልቻና በአቁማዳ ነበር፤ ዕቃው ሲያረጅም መሬት ይበላዋል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያም በ2017 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አድርገዋል። ስለዚህ ወደ ገበያ በዘንቢል ወይም በጨርቅ ከረጢት እንሂድ። ነገር ግን ከዚህ በፊት በየቤቱ የተከማቸው የት ይሂድ? እኔና እኅቴ በቤታችን ብንቆጥር 46 አገኘን። አጥበን በገመድ ላይ አደረቅንና እንደሚከተለው ሠራንባቸው።

አንደኛ፤ ችግኝ አፈላንባቸው። ሁለቱን ደራርበን አፈርና ፍግ ሞላን፤ ውኃ እንዳይቋጥር ከሥሩ በሳሳነው፤ ጌሾና ጽድ ተከልንበት። ችግኙ ወደ መሬት ሲዛወር ፌስታሉ መነሣት አለበት፤ አለዚያ ሥሩን ያንቃል።

ሁለተኛ፤ በቀጭኑ ሸንሽነን ሦስት ሦስቱን ጎነጎንን። እናቴም ጉንጉኑን እየጠቀለለች በወስፌ ሰፍታ የእግር መጥረጊያ አደረገችው። ጭቃ ሲይዘው በውኃ ይለቀለቃል።

ሦስተኛ፤ የተቀዳደደውን በአሮጌ ካልሲ ጠቅጥቀን ለሰፈሩ ልጆች ኳስ አበጀን። ደህና ደህናውንም በክረምት ደብተር ለመሸፈን አስቀመጥነው።

ሆኖም ከቶ የማይደረግ አለ። ፌስታልን ከሰል ለማቀጣጠል አንጠቀምበት፤ ጢሱ የሚገባው በምድጃው አጠገብ በሚቀመጡት በእናቶቻችንና በሕፃናት ሳንባ ነው። ትኩስ ምግብም አንቋጥርበት፤ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ቅመም ወደ ምግቡ ሊያወጣው ይችላልና።

የጨርቅ ከረጢትም ቢሆን ቶሎ የሚጣል ከሆነ አይረባም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የጥጥ ከረጢት የምድርን አየር በማሞቅ ረገድ አንድ ጊዜ ብቻ ከተሠራበት ፌስታል እንዲሻል 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። በሳምንት አንድ ጊዜ ገበያ የሚወጣ ሰው ይህን ቊጥር የሚሞላው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። እንግዲህ ቁም ነገሩ በዕቃው ዐይነት ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ በመጠቀም ላይ ነው።

ከ46ቱ ውስጥ ዛሬ በደጃችን የወደቀ አንድም የለም። የሞተችው በግ አትመለስም፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ያለ ሥጋት በግቢያችን ይግጣሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ከቤታችን ገብተን ፌስታሎቻችንን ብንቆጥር መልካም ጅማሬ ይሆናል።