ለመንግሥት ስለሚሰጥ ብድርና ስለ ቤተ ሰብ ጥሪት

በጦርነት ዘመን መንግሥት ከባለጠጋው ብቻ ሳይሆን ከድኻውም ይበደራል። ስለዚህ ነገር ለቤተ ሰብ ባለቤቶች ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን፤ በቆቦና በራያ ቆላ ቦንድን ከመዋጮ ጋር አንድ አድርገው የሚቈጥሩ ብዙዎች ናቸውና። መዋጮ የሰጠ ሰው ገንዘቡን መልሶ አይጠብቅም፤ ቦንድ የገዛ ግን አበዳሪ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ከነወለዱ ይቀበላል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1916፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፥ የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛውና ተማሪው የ6 ፔንስ ቴምብር እየገዛ በካርድ ላይ እንዲለጥፍ አደረገ። 31 ቴምብር ሲሞላ 15 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይሆናል፤ በዚህም የምስክር ወረቀት ይሰጠውና ከ5 ዓመት በኋላ 20 ሽልንግ ይቀበላል። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን በዚያ አገር የኑሮ ዋጋ ከ1914 እስከ 1920 ከእጥፍ በላይ ስለ ጨመረ፥ የተመለሰው 20 ሽልንግ ቀድሞ 15ቱ ይገዛ የነበረውን ያህል አልገዛም።

በአገራችንም ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ መሸጥ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በሰላም ጊዜ ነው፤ ሽያጩ ግን በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነትም ቀጥሏል። ወለዱ በዓመት ከመቶ 10 በታች ሲሆን በ2014 ዓ.ም. የገበያ ዋጋ ከመቶ 30 በላይ ጨመረ። እንግዲህ ያበደረው ሰው ሀብቱን በብር ቢቈጥረው አትርፏል፤ በማሽላ ቢሰፍረው ግን ከስሯል። ደመወዝተኛው በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተቈረጠለት ስለ ገዛ ጉዳቱ እምብዛም አልተሰማውም። ገንዘብ የሚያየው በመከር ብቻ የሆነው ገበሬ ግን የዘር እህሉን ወይም የእርሻ በሬውን ሸጦ ቦንድ ይግዛ አንልም።

ይህን ስንል ከብትና እህል ከወረቀት ይልቅ የታመኑ ናቸው ማለታችን አይደለም። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆቦ በጦርነት ስትያዝ፥ ዳግመኛም በነሐሴ 2014 ዓ.ም.፥ ባንኩ ተዘግቶ ነበር፤ ከብቱና እህሉ የተዘረፈበትም ብዙ ነው። የጠፋችውን ላም የሚመልስ የለም፤ የቦንድ ተበዳሪ ግን መንግሥት ስለ ሆነ ዕዳው ይኖራል።

ዳሩ ግን የላሚቱን ቀለም የቤቱ ሕፃን ሁሉ ሲያውቅ፥ የቦንዱን ቁጥር ከአባወራው በቀር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ቁጥሩን፥ የገንዘቡን ልክ፥ የተገዛበትን ቀንና የባንኩን ቅርንጫፍ በሌላ ወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ ያሳይ፤ አንዱንም ቅጂ በሌላ ከተማ በሚኖር በታመነ ዘመድ ዘንድ ያኑር።