የዓይን ቆብ ሲቀለበስ

የዓይናችን ቆብ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፡፡ ነቅተን በምንውልበት ሰዓት ሲባዛ በቀን ከ10 ሺሕ ጊዜ በላይ መሆኑ ነው፡፡ ለስላሳ ነገር በለስላሳ ነገር ላይ ይህን ያህል ሲመላለስ እንዴት አይላጥም?

ምስጢሩ እንባ ነው፡፡ በዓይን ላይ የተነጠፈው እንባ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም፡፡ ውኃ ብቻም አይደለም፤ ከላይ ስስ ቅባት፣ ከሥር ደግሞ ሙሲን የተባለ ዝልግልግ ነገር አለው፡፡ ቆቡ ሲፈጥን ፈሳሹ ይቀጥናል፣ ሲቆም ይወፍራል፡፡ (የቀለጠ የሰቆጣ ማር ግን ቀስ ብለው ቢያማስሉትም ፈጥነው ቢያማስሉትም ውፍረቱ ያው ነው፡፡) ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ዘይቱ ከሳሳ ይፋጫል፤ ሥጋ ግን ሰርጎድ እያለ ፈሳሹን በመካከሉ ይይዘዋል፡፡ ሰበቃው የሚቀንሰው በዚህ ነው፡፡

እኔ የሕግ እንጂ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም፡፡ ጉዳዩን ያነሳሁት በዋግ ኽምራ ደጋዎች ይህን ሥርዓት ትራኮማ ስለሚያፈርሰው ነው፡፡ ባክቴሪያው በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡን የውስጥ ገጽ ያቆስላል፡፡ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ይኮማተርና የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፡፡ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ርግብግቢት ሽፋሽፍቱን በዓይኑ ላይ ይፍቃል፤ ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይን ክፍልም እየነጣ ይሄዳል፡፡ ሕመሙ የሚበረታው በሴቶች ላይ ነው፡፡ ብዙዎች በወረንጦ ይነቅሉታል፤ የተነቀለው ግን ይበቅላል፣ ተሰብሮ የቀረውም እንደ ገለባ ይወጋል፡፡

«ፊታችሁን ታጠቡ» የሚለው ምክርስ? እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በዋግ ኽምራ 40 ማኅበረሰቦች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር፡፡ በግማሾቹ ውኃ ተቆፍሮ የንጽሕና ትምህርት ተሰጠ፡፡ ከሦስት ዓመት በኋላ በልጆቹ ዓይን የተገኘው ኢንፌክሽን ካልተሠራላቸው ጋር ሲነጻጸር አልቀነሰም፡፡

ይህን ይዞ «እንግዲያው ውኃው ይቆይ» የሚል ባለሥልጣን ቢመጣ አልቀበለውም፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንጹሕ ውኃን ከፖሊሲ ግቦች መካከል ሲጠቅስ ትራኮማን ካጠፋ ብሎ አይደለም፡፡ ከጥናቱ የምረዳው ሌላ ነው፤ አዚትሮማይሲኑም ሆነ ቀዶ ሕክምናው የውኃውን ቁፋሮ መጠበቅ የለባቸውም፡፡ ቀዶ ሕክምናው የቆቡን ጠርዝ ወደ ውጭ የሚመልስ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ የሚሠራ፣ የሠለጠነ ነርስ የሚችለው ሥራ ነው፡፡ ጠርዙ ዳግም ሊቀለበስ ስለሚችል ግን የክትትሉ ወጪ ከመጀመሪያው አብሮ መበጀት ይኖርበታል፡፡