ከጦር አብራሪነት ወደ አስተማሪነት

ዘማች ከጦርነት ሲመለስ ሞፈሩን ያነሣል። የጦር አውሮፕላን አብራሪስ ምን ይሠራል? አንዱ መንገደኛ ያመላልሳል። አንዱ በአንበጣ መንጋ ላይ መድኃኒት ይረጫል። ሌላው ያስተምራል። ያስተማረውን የአንዱን ታሪክ እንንገራችሁ።

ጆን ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነው። መጀመሪያ የመኪና መካኒክ ነበር። ልቡ ግን ከአውሮፕላን ላይ ነበር። ቺካጎ በሚባል ከተማ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት፣ «ጥቁር አናስተምርም» ብሎ መለሰው። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። እዚያው ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገባ። ወለል እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። በኋላ ተማሪ ሆነ፤ አብራሪም ሆነ።

በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ፣ ሮቢንሰን እኛን ሊረዳ መጣ። የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆነ። አውሮፕላኖቻችን ጥቂት ነበሩ። እሱ የሚያበረውም መሣሪያ አልነበረውም። ቢሆንም በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር መልእክት ያደርስ ነበር። የጠላትንም ጦር ከሰማይ ይቃኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ። ዕውቀቱን ግን ደብቆ አላስቀመጠም። ቺካጎ ውስጥ ጥቁር ወጣቶችን በረራ አስተማረ። በ1936 ዓ.ም. እንደገና ወደ አገራችን መጣ። የኛንም ወጣቶች አስተማረ። በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የተቀበረውም አዲስ አበባ ነው።

ጦርነት ያልፋል፤ ዕውቀት ግን ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። እናንተም ይህን ወረቀት ስትጨርሱ፣ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችሁ አንብቡለት።