በመቄት የመፀው ወራት፤ እንግዳ የሚያሳድረው ገበሬ

በራጉኤል ዙሪያ ብርድ ልብስና ፍራሽ፥ ፋኖስና ኩባያ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ዕቃው ከእጁ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚደርስ አያስብ ይሆናል። እኛ ግን ዛሬ ይህን የመሰለ ዕቃ ከሚያስፈልጋቸው ወገኖች አንዱን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማስተዋወቅ እንወዳለን፤ ይኸውም በሰሜን ወሎ፥ በመቄት፥ እንግዳ የሚያሳድረው ገበሬ ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተስፋ በተባለው ድርጅት አጋዥነት፥ መቋት ማርያምን የመሰሉ መንደሮች በገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው በእግር የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎችን ይቀበሉ ጀመር። የእንግዳውን ጓዝ የሚሸከመው አህያ ነው።

መፀው የአጨዳ ወራት ስለ ሆነ ገበሬው ለእንግዳ ብሎ ማጭዱን አይጥልም። ማለዳ ውርጩ ሳይለቅ፥ ጭላዳው ከገደሉ ወጥቶ ሣር ሲነጭ፥ እርሱ ወደ ገብሱ ይሄዳል። በሬዎች በአውድማው እየዞሩ ያበራያሉ። እንግዳውም ቢወድ መንሽ ይዞ ያግዛል፤ አያያዙ ግን ልጆችን ማሳቁ አይቀርም። ማታ እሳት ዳር እንጀራ በሽሮ፥ ጠላም ይቀርባል።

ለላኪ ነጋዴ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ከአገር ሳይወጣ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ንግድ ነው። ሆኖም መርከብ ቢዘገይ ቡና በመጋዘን ይቆያል፤ ሰው ያላደረበት አልጋ ግን ለነገ አይቀመጥም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፥ ከ2013 እስከ 2015 መጀመሪያ ጦርነቱ፥ ከ2015 ክረምት ወዲህም የክልሉ ግጭት መንገደኛውን አሳሥቶታል። እንግዳ ባልመጣበት መፀውም ገብሱ ይታጨዳል፤ ብርድ ልብስ ግን አይገዛም።