"ታስሬአለሁ" ያለ ሰው ደም ግፊቱን ይለካ

ቃሊቲ ላይ ከጅቡቲ የገቡ ከባድ መኪኖች መንገድ ዳር ተደርድረው ሲያድሩ፣ የሰፈሩ መድኃኒት ቤቶች ከመሸ በኋላ አንድ ዓይነት ደንበኛ አያጡም። ሌላው ገዝቶ እስኪወጣ በሩ አጠገብ ይቆማል። ተራው ሲደርስ የራስ ምታት ክኒን ይጠይቃል። ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ ያቺኛዋስ አለች?" ይላል። ስሟን አይጠራም፤ ባለመድኃኒቱም አያስጠራውም።

"ያቺኛዋ" ሲልዴናፊል ናት፤ በንግድ ስሟ ቪያግራ። የምትወሰድበትን ሕመም ሐኪሞች ስንፈተ ወሲብ ይሉታል፤ የወንድ ብልት ለግንኙነት በሚበቃ መጠን አለመቆሙ ወይም ቆሞ አለመጽናቱ ነው። አንድ ቀን ደክሞት ወይም ጠጥቶ ያልሆነለት ሰው በሽተኛ አይባልም፤ ለወራት ሲደጋገም ነው ነገሩ የሐኪም የሚሆነው። በሰፈር ቋንቋ ግን "ታስሯል" ይባላል። አንዷ አሰረችው፣ ምቀኛ አስደገመበት።

ቃሉ አሳሪውን ይሳት እንጂ ከነገሩ ብዙም አልራቀም። ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው ደሙ ነው። ስሜት ሲቀሰቀስ ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፤ የደም ሥሩ ጡንቻ ይላላል፤ እንደ ስፖንጅ ያለው የብልት ሥጋ በደም ይሞላል፤ ያበጠው ሥጋ ደግሞ መመለሻውን ሥር ተጭኖ ይዘጋዋል። ይህ ጋዝ በደም ሥር ላይ የሚሠራውን ያወቁ ሦስት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1998 የሕክምና ኖቤል ተሸልመውበታል።

የብልት ደም ቅዳ ስፋት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። የልብ ግን ከ3 እስከ 4 ይደርሳል። ስብ ሲጋገር ቀድሞ የሚደፈነው ቀጭኑ ስለሆነ፣ አልጋ ላይ የታየው ድክመት የልብ ሕመም ከመምጣቱ ዓመታት በፊት የደወለ ደወል ሊሆን ይችላል። ስኳርና ደም ግፊት፣ ሲጋራና ውፍረት ዋነኞቹ መንስኤዎች ናቸው። እስከ ጅቡቲ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተቀምጦ የሚነዳ፣ እንቅልፉን በጫት የሚገፋ ሾፌር ከእነዚህ ስንቱን በአንድ ጉዞ እንደሚሸከም መገመት አይከብድም፤ ጫት ራሱ ደም ሥር ያጠባል፣ ግፊትም ከፍ ያደርጋል። ጭንቀት፣ የሥራ ማጣት ሐሳብና የትዳር ጠብም አሉ። ጠዋት ሲነቃ ብልቱ የሚቆም፣ ከሚስቱ ጋር ግን የሚያቅተው ሰው መንስኤው ከአካሉ ይልቅ ሐሳቡ ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሐኪሞችም አብዛኛውን የጭንቅላት ጣጣ ያደርጉት ነበር። በ1983 ላስ ቬጋስ ላይ ጃይልስ ብሪንድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ብልቱን መድኃኒት በመርፌ ወግቶ መድረክ ወጣና፣ ያለ አንዳች ስሜት መቆሙን ሱሪውን አውልቆ ለባልደረቦቹ አሳየ። የጨዋ ሰው ሥራ ባይሆንም ክርክሩን አሳጥሮታል።

ሲልዴናፊል ግን የተገኘችው ሌላ ሲፈለግ ነው። መድኃኒት አምራቹ ፋይዘር የልብ ሕመም ማስታገሻ ብሎ ሲሞክራት፣ ዌልስ ውስጥ መርተር ቲድፊል በተባለች፣ እንደ አቃቂ የፋብሪካ ላብ አደር በሞላባት ከተማ፣ ፈቃደኛ ወንዶች ያልተጠበቀውን ውጤት እያፈሩ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1998 አሜሪካ ፈቀደችላት።

ክኒኗ ስሜት ላለው ደሙን ታግዛለች እንጂ ስሜት አትፈጥርም። ለልብ ሕመም ምላስ ሥር የሚደረገውን የናይትሬት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ግፊቱን በድንገት አውርዳ ልትገድለው ትችላለች። ከአራት ሰዓት በላይ ያልተኛ ብልት የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። "የተፈጥሮ ማር" ተብለው በሚሸጡ ከረጢቶች ውስጥም ያልተጻፈ ሲልዴናፊል ወይም ታዳላፊል ተገኝቶ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ አስጠንቅቋል።

ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ግፊቱ፣ ስኳሩና ስቡ ይለካል፤ እንደ አስፈላጊነቱም የወንድ ሆርሞኑ። የሚወስደውም ይጠየቃል፤ አንዳንድ የግፊትና የድብርት መድኃኒቶች ራሳቸው ብልት ያሰንፋሉና። በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው፤ የሚቀይረው ሐኪሙ ነው። ክኒን ላልረዳው የቫኩም ፓምፕ፣ መርፌና በቀዶ ሕክምና የሚገባ ተተኪ አሉ። ግፊት ለመለካት የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል እዚያው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው።

ሚስትን ይዞ መሄድም ይረዳል። ባል አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ ባዞረባቸው ወራት፣ እሷ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ሌላ ሴት አለችው ብላ ስትቆጥር ከርማ ይሆናል።