ስልካችን ከኤች.አይ.ቪ. ለመጠበቅ ምን ያግዘናል?



ቢቸና ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ ወጣት ሰው እስኪቀል ጠብቆ ወደ ባንኮኒው ተጠጋና ስልኩን አሳየኝ። ኤች.አይ.ቪ.ን ፈጽሞ ያድናል የተባለ ቅመም ማስታወቂያ ነበር። «እህቴ፣ ይህን ታመጭልኛለሽ?» አለኝ። ስጠይቀው ከአምስት ቀን በፊት ስህተት ላይ መውደቁን፣ ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ስልኩ ላይ መፍትሔ ሲፈልግ እንደሚያድር በዕንባ ነገረኝ። እጅግ አዘንኩ። በመጀመሪያው ቀን በዚያው ስልክ አንድ የጤና ባለሙያ ቢጠይቅ ኖሮ ሊረዳው የሚችል መድኃኒት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ተመርምሮ ነፃ መሆኑን ሰማሁ፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን እነዚያ አምስት ቀናት በከንቱ ማለፋቸው ዛሬም ያሳዝነኛል። ስለዚህ በዚህ ወር ስልካችንን ከዚህ በሽታ ለመከላከል እንዴት እንደምንጠቀምበት እንመለከታለን።

አንደኛ፦ ሳይዘገዩ ለመጠየቅ

ቫይረሱ ሊተላለፍበት የሚችል ነገር ከደረሰ፣ ለምሳሌ ሴት ብትደፈር ወይም ሰው ደም በነካ መርፌ ቢወጋ፣ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከል መድኃኒት አለ። መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሆን ለ28 ቀናት ይወሰዳል፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥርም የተሻለ ይሠራል። ስለዚህ ከገጠር ቀበሌ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል ለመምጣት የገበያ ቀን አትጠብቁ። አስቀድማችሁ የምታውቁትን የጤና ባለሙያ ቁጥር በስልካችሁ መዝግቡ።

በስልክ መጠየቅ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በተከፈተው «ወገን» በተባለው የኤድስ የስልክ መስመር ብዙ ሰዎች ወደ 952 በነፃ እየደወሉ፣ ፊት ለፊት ለመናገር ያፈሩትን ሁሉ ስማቸውን ሳይገልጹ ጠይቀዋል።

ሁለተኛ፦ መድኃኒቱን ለማስታወስ

አንዳንድ አንባቢ «ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒት መውሰዱ ሌላውን ከመጠበቅ ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። በጣም ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ይፋ የሆነና በዘጠኝ አገሮች 1,763 ጥንዶችን ያሳተፈ ጥናት፣ ሕክምናን ቶሎ መጀመር ቫይረሱ ወደ ትዳር ጓደኛ የመተላለፉን ዕድል በ96 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዛሬ ደግሞ ክኒኑን ሳያቋርጥ ወስዶ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል። እንግዲህ አንዲት ክኒን በሰዓቷ መዋጧ ሁለት ሰው ትጠብቃለች ማለት ነው።

ለዚህ የስልኩ አላርም ይበቃል። ከኢሻእ ሶላት በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መሙላት ይቻላል። አላርም ካርድም ኔትወርክም አይፈልግም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነገር ሁሉ ሲቆም አላርም ግን አልቆመም። ረመዳን ሲቃረብም ሰዓቱ ከኢፍጣር ወይም ከሱሑር ጋር እንዲገጥም ከሐኪማችሁ ጋር ተማክራችሁ አላርሙን አስቀድማችሁ አስተካክሉ።

ሦስተኛ፦ ምስጢርን ለመጠበቅ

በኬንያ የተደረገ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ለታካሚዎቹ በየሳምንቱ «ማምቦ?» ማለትም «እንዴት ነህ?» የሚል መልእክት ብቻ ይላካል። ታካሚው «ሳዋ» ካለ ደህና ነው፤ «ሺዳ» ካለ ችግር አለና ባለሙያ ይደውልለታል። መልእክቱ ከደረሳቸው 62 ከመቶ የሚሆኑት መድኃኒታቸውን በአግባቡ ሲወስዱ፣ ካልደረሳቸው ግን 50 ከመቶው ብቻ ነበሩ። ልብ በሉ፤ በመልእክቱ ውስጥ የበሽታው ስም የለም፤ ከመልእክቱ በስተጀርባም የሚያዳምጥ ሰው አለ። በካሜሩን፣ ያውንዴ ከተማ የተሞከረው ሳምንታዊ የማበረታቻ መልእክት ግን ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። መልእክት ብቻውን ክኒን አያስውጥም።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ስልክ ካላቸው 316 ታካሚዎች እንዲህ ያለ ማስታወሻ ለመቀበል የፈቀዱት 161 ብቻ ነበሩ። በእኛ ቤት አንዱን ስልክ ባልም ሚስትም ልጅም ያነሱታል። ሳይታሰብ የሚነበብ አንድ መልእክት ትዳር ሊያናጋ ይችላል። ስለዚህ በጤና ተቋሙ «በዚህ ቁጥር አትደውሉ» ወይም «ስትልኩ ‹ቀጠሮዎ ነገ ነው› ብቻ በሉ» ማለት መብታችሁ ነው። ስልካችሁን በምስጢር ቁጥር ቆልፉ፤ በአላርሙ ላይም የመድኃኒቱን ስም አትጻፉ። የሰው ስልክ አንስታችሁ ያያችሁትንም አታውጡ፤ የወንድምን ነውር መሸፈን አማና ነውና።

አራተኛ፦ ከሐሰተኛ ወሬ ለመጠንቀቅ

ኤች.አይ.ቪ.ን ከሰውነት ጨርሶ አጠፋለሁ እያለ በቴሌግራምና በፌስቡክ ቅመም የሚሸጥ ሁሉ ገንዘባችሁን ይፈልጋል። ጥቁር አዝሙድ በዲናችን የተወደደ ነው፤ በምግባችሁ ብትጨምሩት መልካም ነው። የቫይረሱን መድኃኒት ግን አይተካም፤ አስቁሙና ይህን ውሰዱ የሚላችሁን አትስሙ። ሌላ መድኃኒት ስትጀምሩም ማሸጊያውን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለፋርማሲ ባለሙያ አሳዩ። ለምሳሌ አንዳንድ የጨጓራ ማስታገሻዎች ዶልቴግራቪር ካለበት ክኒን ጋር አብረው ከተወሰዱ ኃይሉን ስለሚቀንሱት፣ ክኒኑ ከማስታገሻው 2 ሰዓት አስቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ መዋጥ አለበት።

ውድ አንባቢያን፤ ስልክ ደም አይመረምርም፤ ከኒካሕ በፊት አብሮ መመርመርንም አይተካም። ዛሬ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ግን አንድ ነገር አድርጉ፤ የአንድ ታማኝ የጤና ባለሙያ ቁጥር በስልካችሁ መዝግቡ። ለእናንተ ባያስፈልግ፣ በጭንቅ ሌሊቱን ስልኩ ላይ ለሚያድር አንድ ወጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

አላህ ከበሽታ ሁሉ ይጠብቀን። ወቢላሂ ተውፊቅ።